ጭንቅላት ከግጭቱ ውጭ፦ በሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል የሄልሜት ሕግና የታክል አደራረግ

«ልጄ ሃይስኩል ገባ፤ ፉትቦል ካልተጫወትኩ ብሎ አስጨነቀኝ። ጭንቅላቱን እንዴት ይጠብቅ?» ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከአሌክሳንድሪያም፣ ከሲያትልም የሚደውሉልኝ ወላጆች የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ጨዋታ ሲጀመር ደግሞ ሁለተኛው ይከተላል፦ «ልጁን ጣለው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ዳኛው ግን ቢጫ ጨርቅ (ፍላግ፣ የቅጣት ምልክት) ወረወረበት። ምን አጠፋ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው ጻፍኩት።

የሁለቱም መልስ ያው ነው። ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ አቅፎ መጣል፣ የትከሻና የእግር ሥራ ነው። ጭንቅላት ከግጭቱ ውጭ ይቆያል፤ ዓይን ያያል። ይህን የለመደ ልጅ አንገቱን ያተርፋል፣ ፍላግም እምብዛም አያገኘውም።

ከዚህ በታች የምጠቅሰው ሕግ ብሔራዊው የሃይስኩል ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኤንኤፍኤችኤስ) የሚያወጣው ነው። ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ ልብ በሉ፦ ቴክሳስ የኮሌጁን ሕግ መሠረት አድርጎ ስለሚጫወት አንዳንድ ቅጣት ይለያል። የታክሉ አደራረግ ግን የትም ቢሆን አንድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትምህርት ቤቱ የሰጠው ሄልሜት፣ ከአገጭ ማሰሪያው ጋር
- የልብስ ሰፊ ሜትር
- ማውዝጋርድ፣ አፍ ውስጥ የሚደረግ የጥርስ መከላከያ (ሙሉ በሙሉ ነጭ ወይም ቀለም የሌለው፣ ውስጡን የሚያሳይ ያልሆነ)
- ወፍራም ፍራሽ ወይም የጂም ምንጣፍ፣ አንድ ትልቅ የሶፋ ትራስ
- በዝግታ መቅረጽ የሚችል ስልክ
- ቆሞ ትራሱን የሚይዝ ሰው፤ አባት፣ እናት፣ ታላቅ ወንድም፣ ማንም ይሁን

ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ውስጥ የሚደረገው ሁሉ በእርምጃ ፍጥነት ብቻ ነው። ሩጫ የለም፣ ሰው መጣል የለም። ግጭት ያለበት ልምምድ አሰልጣኙ ባለበት፣ ሜዳ ላይ፣ ሙሉ መከላከያ ተለብሶ ይደረጋል።

1. ሄልሜቱን በልኩ ያስተካክሉ

ሰፊ ሄልሜት ጭንቅላት ላይ ይሽከረከራል፤ ወደ ዓይን ይወርዳል፤ ልጁም ለማየት አንገቱን ያጣምማል። ስለዚህ ከታክል በፊት ይህ ይቅደም። ብዙ ወላጅ «ትምህርት ቤቱ ለክቶ ሰጥቶታል» ብሎ ያልፈዋል። ልክ ነው፣ ለክተውታል። ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለስንት ልጅ እንደሚያድሉ ያየ ሰው ዳግም መለካቱን አይንቅም።

መጀመሪያ የጭንቅላቱን ዙሪያ ከቅንድቡ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይለኩና አምራቹ ካወጣው የመጠን ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። ጸጉሩን በሲዝኑ በሚይዘው አኳኋን ይለኩት። ዛሬ አፍሮ ሆኖ ተለክቶ በሚቀጥለው ሳምንት ሹሩባ የሚሠራ ወይም የሚላጭ ልጅ ሄልሜቱ የሌላ ሰው ሄልሜት ይሆንበታል፤ ጸጉሩን በቀየረ ቁጥር እንደገና ይፈተሽ።

ከዚያ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ማሰሪያውን አስሮ እነዚህን ያድርጉ፦

- የሄልሜቱ የፊት ጠርዝ ከቅንድቡ በላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ይሁን። ዝቅ ካለ ዓይን ይጋርዳል፤ ከፍ ካለ ግንባር ይጋለጣል።
- ፌስማስኩን (ፊትን የሚከልለውን ፍርግርግ) ይያዙና ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩት። የግንባሩ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረና ቆዳው ከቆመ ሰፍቶታል።
- ከላይ በመዳፍዎ ይጫኑት። ጫናው አናቱ ላይ ሊሰማው ይገባል። «ግንባሬን ብቻ ነው የሚጫነኝ» ካለ አልተቀመጠም።
- የጉንጭ ትራሶቹ ሁለቱንም ጉንጭ ይንኩ። በጉንጩና በትራሱ መካከል ጣት ያለ ትግል ከገባ ይቀየሩ።
- ከኋላ በኩል ወደ ላይ ይግፉት። ወደ ፊት ተንከባሎ ከወጣ ማሰሪያውም መጠኑም ይታይ።

የአገጭ ማሰሪያው ቢያንስ በአራት ቦታ የሚያያዝ ነው፤ አራቱም ይታሰሩ። የታችኞቹን ሁለቱን ፈትቶ መጫወት በልጆች ዘንድ እንደ ፋሽን ይታያል። ሄልሜት በጨዋታ መካከል የሚወልቀው በአብዛኛው በዚህ ነው፤ የወለቀበት ልጅ ደግሞ (ተጋጣሚው በጥፋት ካላወለቀበት በቀር) ለአንድ ዳውን (ለአንድ የጨዋታ ሙከራ) ከሜዳ ይወጣል። ኳስ ይዞ እየሮጠ ከወለቀበት ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ሌላ ተጫዋች ከሆነ ደግሞ ከያዘው ትንቅንቅ ባሻገር መቀጠል አይፈቀድለትም።

ሄልሜቱ ላይ ኖክሲ (NOCSAE) የሚባለው የመሣሪያ ደረጃ አውጪ ድርጅት ምልክት ይኑር፤ ከውጭ የተለጠፈው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍም የሚነበብ ይሁን። ሁለቱንም ሕጉ ይጠይቃል። ከውስጥ የታደሰበትን ዓመት የሚገልጽ ወረቀት ይፈልጉ። በማኅበር የታቀፉት የሄልሜት አዳሾች 10 ዓመት የሞላውን ስለማይቀበሉ፣ የቆየ ሄልሜት ከደረሰው «ይቀየርልኝ» ማለት ነውር የለበትም።

አየር የሚሞላበት ዓይነት ከሆነ በየሳምንቱ ይታይ። ነሐሴ ላይ በሙቀት የተሞላው ጥቅምት ላይ ሲበርድ ይቀንሳል። ሄልሜቱን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ አምራቹ ያልፈቀደውን ቀለምና ተለጣፊም አያድርጉበት፤ ፕላስቲኩን የሚያዳክም አለና።

አንድ ነገር ለልጁም ለእርስዎም ግልጽ ይሁን፦ ሄልሜት የተሠራው የራስ ቅል እንዳይሰበር ነው። አንጎል ከውስጥ እንዳይናወጥ ዋስትና አይሰጥም፣ አንገትንም አይጠብቅም። «ሄልሜት አድርጌያለሁ» ብሎ በጭንቅላቱ የሚገባ ልጅ መሣሪያው የማይሠራውን ሥራ እየጠየቀው ነው።

2. ዳኛው የሚያየውን ይወቁ

ሕጉን ማወቅ የሚጠቅመው ለክርክር አይደለም። ልጁ የትኛው የሰውነቱ ክፍል የት እንደሚያርፍ እንዲያስብ ያደርገዋል። እነዚህ ሁሉ 15 ያርድ ያስቀጣሉ፦

ስፒሪንግ። በሄልሜቱ አናት፣ ማለትም በላይኛው ክፍል፣ ተጋጣሚውን ከትከሻ ወይም ከዚያ በታች መምታት። አንገት የሚሰበረው በዚህ ስለሆነ ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው።

ፌስ ታክሊንግ። ፌስማስክን፣ የሄልሜቱን ግንባር ወይም አናቱን ቀጥታ ኳስ በያዘው ላይ መንዳት። ያንኑ ኳስ ባልያዘ ተጋጣሚ ላይ ካደረገው በት ብሎኪንግ ይባላል።

ታርጌቲንግ። ሆን ብሎ አልሞ ከትከሻ በላይ መምታት። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል፦ በሄልሜት ብቻ አይደለም። በክርን፣ በክንድ፣ በእጅ፣ በትከሻም ቢሆን ጭንቅላትና አንገት ላይ አልሞ ከመታ ታርጌቲንግ ነው።

ብላይንድሳይድ ብሎክ። መምጣቱን ያላየን ተጫዋች እጅን ሳይዘረጉ በትከሻ በጉልበት መምታት። ጨዋታው ሲጀመር ኳሱ ባለበት መስመር መካከል ካለችው ጠባብ ቀጠና ውጭ ክልክል ነው። ሕዝቡ «ዋው!» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን አይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ፍላጉ አየር ላይ ነው።

ሆርስ ኮላር። ኳስ የያዘውን በማልያው ወይም በሾልደር ፓዱ (በትከሻ መከላከያው) የኋላ ወይም የጎን አንገትጌ፣ ወይም ስሙ በሚጻፍበት ቦታ፣ ይዞ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ጎትቶ መጣል።

ፌስማስክ መያዝ ሁለት ደረጃ አለው፦ ሳያጣምሙ ይዞ መልቀቅ 5 ያርድ፤ መጠምዘዝ፣ ማዞር ወይም መጎተት 15።

ዳኛው ድርጊቱን እጅግ ከባድ ነው ብሎ ከፈረደ ከቅጣቱ በተጨማሪ ተጫዋቹን ያስወጣል። በኮሌጁ ሕግ ግን ታርጌቲንግ ራሱ ያስወጣል፤ የቴክሳስ ወላጆች ይህን አስቀድመው ይወቁ።

ሄልሜትን የሚመለከተው ክልከላ ለሁሉም ተጫዋች ነው፤ ለተከላካይ ብቻ አይደለም። ኳስ ይዞ እየሮጠ አናቱን አስቀድሞ የሚገባው ልጅም ይቀጣል። «ታክል ሊያደርጉት ሲመጡ ራሱን ሊከላከል ነው ያጎነበሰው» የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ። አጎንብሶ ራሱን አልተከላከለም፤ አንገቱን አቀረበ እንጂ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

3. ቁመናውን ያስተምሩት፦ «ቀና በል»

የአንገት አጥንት በተፈጥሮው ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ቀና ባልንበት ጊዜ ያ ጉብጠት ግጭትን ያበርዳል፤ ጡንቻዎቹም ይካፈሉታል። አገጭን ወደ ደረት ስናጎነብስ፣ 30 ዲግሪ ያህል እንኳ፣ የአንገት አጥንቶች ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። በዚያ ቦታ አናት ከተመታ ኃይሉ የሚሄድበት ሌላ መንገድ የለውም፤ በአጥንቶቹ ዘንግ ላይ ይወርዳል። መሰበርና ሽባነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ለዚህ ትልቅ ፍጥነትም አያስፈልግም። ይህን ለልጁ በእጅዎ አሳይተው ይንገሩት፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ትእዛዝ ብቻ ከሰማ ልጅ ይልቅ ያስታውሳል።

አሁን ፍራሹ አጠገብ ያቁሙት። ሄልሜት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል። ባዶ ጭንቅላቱን ማንም ሳይነግረው ይጠብቃል።

- እግሮቹን በትከሻው ስፋት ይክፈት፤ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ሳይሆን በእግሩ የፊት መዳፍ ላይ ይሁን።
- ጉልበቱንና ዳሌውን ይጠፍ። ዝቅ የሚባለው በጉልበት ነው፤ በወገብ ታጥፎ ዝቅ ያለ ልጅ ጭንቅላቱ ቀድሞት ይሄዳል።
- ጀርባው ዝርግ፣ ደረቱ ወጣ ያለ።
- ትከሻዎቹን ወደ ጆሮው ጠጋ ያድርግ፤ አንገቱ ይታፈናል፣ ይጠነክራል።
- ዓይኑ ፊት ለፊት ይይ።

ፊት ለፊቱ ቆመው ጣትዎን ያሳዩትና ስንት እንደሆነ ይጠይቁት። ዝቅ እንዳለ በትክክል የሚመልስ ከሆነ ቀና ብሏል። ሌላ መፈተኛ፦ ከፊት ሲያዩት የማልያው ቁጥር ከታየ ደረቱ ወጥቷል፤ የማይታይ ከሆነ አጎንብሷል። በዚህ ቤት የሚያስፈልገው ቃል አንድ ነው፦ «ቀና በል።» ከመቀመጫ ላይ ሆነው ሊጮሁለት የሚገባውም ይኸው ነው። «ምታው!» የሚለውን ለሌላ ሰው ይተዉለት።

4. አቀራረብ

መጥፎ ታክል አብዛኛውን ጊዜ ግጭቱ ከመድረሱ ሦስት እርምጃ በፊት ይበላሻል። በሙሉ ፍጥነት መጥቶ መቆጣጠር ያቃተው ልጅ የመጨረሻ አማራጩ ተወርውሮ መግባት ነው፤ ተወርዋሪ ደግሞ ጭንቅላቱ ይቀድማል።

ስለዚህ ዓይኑን ኳስ በያዘው ቅርብ ዳሌ ላይ ያድርግ። ዓይን፣ ትከሻና ኳስ ያታልላሉ፤ ዳሌ አያታልልም፤ የሚሄደው አካሉ ወደሚሄድበት ነው። ሲቀርብ እርምጃውን ያሳጥር፣ ግን አይቁም። በክንድ ርዝመት ውስጥ ከመግባቱ በፊት እግሩ መሬት ላይ ይሁን።

ቤት ውስጥ እርስዎ ከጥግ ወደ ጥግ በዝግታ ይሂዱ፤ እሱ ዳሌዎን እየተከታተለ አጠገብዎ ደርሶ በዝግጁ ቁመና ይቁም። መንካት የለም። አሰልቺ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

5. ትከሻው ይምታ፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ይለፍ

ዋናው እዚህ ነው፤ ቀስ ብለው ይሂዱበት።

የሚመታው ትከሻና የሚረግጠው እግር በአንድ ወገን ይሁኑ። በቀኝ ትከሻው ከመታ ቀኝ እግሩ ተጋጣሚው አጠገብ ይረገጥ። ይህ ካልሆነ ሰውነቱ ይጠማዘዛል፣ ጉልበቱ ያልቃል፣ ጭንቅላቱም ወደ መሃል ይገባል። እግሩ ሩቅ ከቀረ ደግሞ ተዘርግቶ ይመታል፤ የተዘረጋ ሰው ያጎነብሳል።

ጭንቅላቱ የት ይሁን? ኳስ የያዘው ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ ከሆነ፣ የታክል አድራጊው ጭንቅላት ከሯጩ ኋላ፣ በመጣበት በኩል፣ ይሁን። ከፊቱ አይደለም። አንዳንድ አባቶች ልጅ ሳሉ እዚሁ አሜሪካ ተጫውተው ያደጉ «ጭንቅላትህን ከፊቱ አሳልፈህ ዝጋው» ተብለው የተማሩ ናቸው፤ ያንን ለልጃቸው እንዳያስተላልፉ አደራ። ከፊት ያለ ጭንቅላት የሯጩን ጉልበትና ሙሉ ክብደት ይቀበላል፤ አንገቱም ወደ ጎን ይታጠፋል። ከኋላ ያለ ጭንቅላት የሚያገኘው አየር ነው።

ፊት ለፊት ሲመጣበትስ? ቀድሞ አንድ ወገን ይምረጥ። መሃል ለመሃል የሚገባ ታክል ሄልሜት ለሄልሜት ያጋጫል። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ወጥቶ፣ ትከሻውን በሯጩ ጭንና ዳሌ መካከል አሳርፎ፣ ጉንጩን ከጎኑ ያድርግ።

የሚመታበት ከፍታ ከወገብ በታች፣ ከጉልበት በላይ ነው። ከደረት ጀምሮ ወደ ላይ የሚመታ ልጅ፣ ሯጩ በመጨረሻዋ ቅጽበት ዝቅ ባለ ጊዜ ጭንቅላቱን ያገኘዋል። ፍላጉም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ «እሱ ነው ዝቅ ያለው» ማለት ብዙ አያድንም።

ልምምዱ፦ እርስዎ የሶፋውን ትራስ ከጭንዎ አጠገብ ይዘው በጎን ይቁሙ። እሱ ፍራሹ ላይ በአንድ ጉልበቱ ይንበርከክ፤ የቀኝ ትከሻውን ሲለማመድ ቀኝ እግሩ ወደ ፊት የረገጠ ይሁን። «ቀና በል» ይበሉት፣ ከዚያ ትከሻውን በዝግታ ትራሱ ላይ ያሳርፍ። እዚያው ያስቁሙትና ይመልከቱ፦ ጆሮው ከጭንዎ ኋላ ነው? ዓይኑ ክፍት ነው? አገጩ ከደረቱ ተነስቷል? ከዚያ ወደ ግራ ይቀይሩ። ሁሉም ልጅ አንድ የሚወደው ትከሻ አለው፤ በማይወደው በኩል ሲመጡበት ነው ጭንቅላቱን የሚያስገባው። ስለዚህ ደካማው ወገን እጥፍ ይለማመድ።

6. ማቀፍና መግፋት

ትከሻው እንዳረፈ እጆቹ ከሁለቱም ጭኖች ኋላ ይዘጉ፤ ክርኖቹን ወደ ጎኑ ይሰብስብ፤ ወደ ራሱ ይጨምቅ። እጅ ካልዘጋ ታክሉ «መምታት» ብቻ ይሆናል፤ ሯጩም ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ ያንን ለማካካስ በበለጠ ፍጥነት ይወረወራል።

ከዚያ እግሩ አይቁም። የቆመ መኪና የገፋ ሰው ያውቀዋል፦ ጀርባ ዝርግ፣ ዓይን ወደ ፊት፣ አጫጭር እርምጃ፣ ጉልበቱ ከጭን። አምስት እርምጃ ያህል ቢገፋ ሯጩ ሚዛኑን ያጣል። እግሩ ባለበት ከቆመ ግን ጉልበቱን ከላይኛው አካሉ ያወጣል፤ ያኔ አንገቱ ሥራ ይገባል።

ሲወድቅ ተጋጣሚውን እንዳቀፈ በጎኑ ይውደቅ። ክንዱን ዘርግቶ መሬት ለመያዝ አይሞክር፤ አንጓና ክርን የሚሰበረው በዚያ ነው።

7. ኳስ የያዘው የእርስዎ ልጅ ከሆነ

ዝቅ ሲል በጉልበቱ፣ ዓይኑ ወደ ላይ። ታክሉ የማይቀር መሆኑን ሲያይ ትከሻውን ይስጥ እንጂ አናቱን አይስጥ። ወደ መስመር ዳር መውጣት ፍርሃት አይደለም። መሬት ሲደርስ ኳሱን በሁለት እጁ አቅፎ አገጩ ከደረቱ ሳይጣበቅ ይውደቅ።

8. ግጭቱን በደረጃ ያሳድጉ፣ በሰዓት ይገድቡ

ጥሩ ቡድን ከመጀመሪያው ቀን አያጋጭም። በብዙ ቡድኖች አምስት ደረጃዎች ያገለግላሉ፦ ኤር (ማንም ሳይነካ እንቅስቃሴውን ብቻ)፣ ባግ (በከረጢት ላይ)፣ ኮንትሮል (በሰው ላይ በዝግታ፣ ውጤቱ አስቀድሞ ታውቆ)፣ ተድ (በሙሉ ፍጥነት ተገናኝቶ ሳይጥሉ ማቆም)፣ ላይቭ (እንደ ጨዋታ፣ እስከ መሬት)። ልጁ አዲስ ነገር የሚማረው በታችኞቹ ሦስት ነው። ላይቭ የሚያሳየው የተማረውን ብቻ ነው፤ ሲደክም ደግሞ መጥፎውን ልማድ ያጠነክርበታል።

ብሔራዊው ፌዴሬሽን በሲዝኑ ወቅት ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ቀን፣ በአንድ ቀን ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ፣ በሳምንት በጠቅላላው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ እንዲሆን መክሯል። ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ገደብ አላቸው። አሰልጣኙን «በሳምንት ስንት ደቂቃ ላይቭ አላችሁ?» ብለው ይጠይቁት። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ አሰልጣኝ ቁጥሩን ወዲያው ይነግርዎታል።

አንገቱንም ያጠንክር። መዳፉን ግንባሩ ላይ አድርጎ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ ለ10 ሰከንድ ይግፋ፤ ከዚያ ከኋላ፣ ከዚያ በሁለቱም ጎን። የጠነከረ አንገት ጭንቅላት ሲገጭ እንዳይወዛወዝ ይረዳል።

9. ሄልሜቱን ያንብቡት

ከጨዋታ በኋላ ልጁ ሻወር ሲገባ ሄልሜቱን አንስተው መብራት ሥር ያዩት። የተጋጣሚ ቡድን ሄልሜት ቀለም እየተፋቀ ይጣበቅበታል፤ ጭረትም ይቀራል። ጎንና ጎኑ ላይ ያለው ብዙ አያስጨንቅም። አናቱ ላይ፣ ከግንባሩ ጠርዝ በላይ ያለው ክብ ቦታ ላይ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ተጣብቆ ካዩ ልጁ አጎንብሶ እየመታ ነው። እሱ «ኧረ እኔ ቀና ብዬ ነው» ቢልዎትም ቀለሙ እዚያ አለ። ፎቶ ያንሱት፤ ያጥቡት (እርጥብ ጨርቅና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል)፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያወዳድሩት። ቪዲዮም ካለዎት ትከሻው በሚያርፍባት ቅጽበት ያስቁሙትና ፊቱ ይታይ እንደሆነ ይዩ። ማስረጃውን ይዘው ለአሰልጣኙ ያሳዩ፤ ልጁን እራት ላይ አይውቀሱበት።

አዘውትረው የሚሠሩ ስህተቶች

«እንዲያድግበት» ብሎ ሰፊ ሄልሜት መግዛት። ለጫማና ለጃኬት የሚሠራው ዘዴ እዚህ አይሠራም።

ዓይንን መጨፈን። ብዙ ጀማሪ ግጭቱ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይን ሲጨፈን አገጭ አብሮ ይወርዳል። ሕክምናው ከትራሱ ጋር በዝግታ መደጋገም ነው፣ ቁጣ አይደለም።

ማውዝጋርድን ፌስማስኩ ላይ አንጠልጥሎ መጫወት፣ ወይም ጫፉን ማኘክ። ጥቅሙ ለጥርስና ለመንጋጋ ነው፤ በአፍ ውስጥ ካልሆነ ለምንም አይሆንም። የተቆረጠውንም ዳኛ አይቀበለውም።

ከትልልቆቹ ሊግ የሚመጡ የስልክ ቪዲዮዎችን እያዩ መኮረጅ። እዚያ ደጋግሞ የሚታየው ሰው የበረረበት ግጭት ነው፤ ንጹሕ ታክል ማንም አያጋራውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጭንቅላቱን ከተመታ

ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) እንዲይዘው ራሱን መሳት የለበትም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር፣ ሚዛን ማጣት፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ የሆነውን አለማስታወስ፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሕጉ ራሱ ወዲያው ከጨዋታ እንዲወጣና ተገቢው የጤና ባለሙያ ሳይፈቅድለት እንዳይመለስ ያዛል። «ደህና ነኝ» ማለቱ አይበቃም። አንጎሉ ሳይድን ሁለተኛ ከተመታ ጉዳቱ ከመጀመሪያው እጅግ ሊከፋ፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል።

የእኛ ቤት ወጥመድ እዚህ አለ። ልምምድ የሚጀመረው ኦገስት ላይ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። የጾመ ልጅ ከልምምድ ሲመለስ ራሱን ቢያመው «ጾም ነው፣ ውሃ ስላልጠጣ ነው» ይባልና ያልፋል። ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን በዚያ ቀን ግጭት ከነበረ መጀመሪያ ኮንከሽን ይጠርጠር፤ ለትምህርት ቤቱ አትሌቲክ ትሬነር (ስፖርተኞችን ለሚከታተለው የጤና ባለሙያ) ይደወል። ልጁ የሚጾም መሆኑንም አሰልጣኙ ከሲዝኑ በፊት ይወቅ፤ በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መሮጥ ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

እነዚህ ከታዩ 911 ይደውሉ፦ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ መንተባተብ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛልና መደንዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት፣ ለማንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ።

ሜዳ ላይ ወድቆ አንገቱን ካመመው ወይም እጅ እግሩ ከደነዘዘው ማንም አያንሳው። ሄልሜቱንና ሾልደር ፓዱን አያውልቁ፤ ውሃም ራሱ ላይ አያፍስሱ። ሾልደር ፓዱ ሳይወልቅ ሄልሜቱ ብቻውን ሲወጣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ አንገቱም ይታጠፋል። ይህን የሚያደርጉት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። አውቃለሁ፣ እናት ከመቀመጫዋ መነሳቷ አይቀርም፤ ግን አጠገቡ ደርሳ «አትንቀሳቀስ፣ እዚህ ነኝ» ማለት ነው የሚጠቅመው።

ከኮንከሽን መመለስ ስድስት ደረጃ አለው፦ ወደ ትምህርትና ወደ ዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ቀላል እንቅስቃሴ፣ መካከለኛ፣ ግጭት የሌለበት ከባድ ልምምድ፣ ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ፣ ጨዋታ። በእያንዳንዱ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ምልክቱ ከተመለሰ ቆሞ ለሐኪሙ ይነገርና ካረፈ በኋላ ወደ ቀድሞው ደረጃ ይወርዳል።

ሐኪም ቤት ወይም ትሬነሩ ዘንድ ሲቀርቡ እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉም አያድርጉ። አርብ ማታ ጨዋታ አለበት፤ «ትናንት ሌሊት አስመልሶታል» ያሉትን «ትንሽ ደክሞት ነበር» ብሎ ሊያደርስልዎት ይችላል።